ሐልዋችንን ባሕር ሲወስደው

በሀርጌሳ ከተማ ስለ ውኃ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶ ከሆነም ገና ጡት አልጣለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ከጅግጅጋ ያር ሰፈር እስከ ዳሚ ሰፈር ድረስ የእኔ እጅ ያልሞላው ሮቶ ከተገኘ ጢሜን እላጫለሁ። አንድ ቀን ያመመኝ እንደሆነ ሻይ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሙሽሮች ሳይታጠቡ ይዳራሉ፣ ግመሎች ሳይቀሩ ስልኬ ላይ ይደውላሉ።

እሺ፣ ረጋ ብዬ ልናገር። የውኃ ቦቴ ሾፌር ነኝ። ቦቴውም የእኔ አይደለም። ከሥሩ ደግሞ ያፈሳል፤ ከጉድጓድ ሞልቼ ደንበኛ በር እስክደርስ ድረስ የመንገዱን ፍየል ሁሉ አጠጥቼ ነው የምገባው። የማውቀው ውኃም ብረት ውስጥ የተዘጋውን ነው። ላዩ ላይ ሰማይ ብቻ ያለበት ውኃ ሲሆን ከዳሩ አላልፍም። ዋና አልችልም።

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ሀርጌሳ ከገባሁ ጀምሮ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም ነበር። እንዴት ብዬ? ከተማውን ያዳረስኩት የሐይቅ ልጅ ነኝ እያልኩ ነው።

እሱስ እውነት ነው። የሐረማያ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ልጅነት ዓለማያ ነበር የምትባለው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትሄዱ፣ መንገዱ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ትንፋሹን ሲሰበስብ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። አንድ አስፋልት፣ ብዙ ድንች፣ ከዚያ የሚበልጥ ጫት፣ ከሁሉም የሚበልጥ ሐይቅ። እሑድ እሑድ ከድሬዳዋ ሙቀት የሸሸ ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር። ጀልባ ነበረን፤ ቀዛፊው ቆነጃጅት ሲሳፈሩ ሐይቁን ሁለቴ ያዞራቸዋል፣ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ግን ሳይጀምር ይመልሳቸዋል። ፎቶ አንሺ ነበረን፤ «ትንሽ ወደ ኋላ፣ አዎ፣ አሁንም ትንሽ» እያለ ስንቱን ሙሉ ልብስ ለባሽ ውኃ ውስጥ ከቶታል። ዓሣ የሚጠብሱ እናቶች ነበሩ፤ ሽታው ሐረር ድረስ ይሄዳል ብል ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ፣ መስጊዱ ድረስ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ሁሉ የምወደው ግን የጆንያውን ነገር ነው። ፍሪጅ የሚባል ነገር በሁለት ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን የእኛ ፍሪጅ ሐይቁ ነበር። ሽርሽር የመጣ ሰው ለስላሳውን፣ ሐብሐቡን፣ እርጎውን ሳይቀር በክዳን ዕቃ አድርጎ ጆንያ ውስጥ ይከታል፣ አፉን ያስራል፣ ከውኃው ዳር ጭቃው ላይ ካስማ ተክሎ ያንን ጆንያ ውኃ ውስጥ ያሰምጠዋል። ከዚያ ሄዶ ይጫወታል። ማንም የማንንም ጆንያ አይነካም። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ካስማህ እዚያው፣ ገመድህ እዚያው፣ ሐብሐብህ ጥርስ የሚያም በረዶ ሆኖ እዚያው ነው። የሐይቅ ዳር ማለት እንደዚህ የሚታመን ነገር ነው ብለን አደግን።

አልታመነም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እርምጃ እያለ ይርቀን ጀመር። መጀመሪያ እኛ ደስ አለን፤ ኳስ ሜዳችን ሰፋ። ገበሬው የሞተሩን ቱቦ አስረዘመ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ቀጠለበት፣ በሚቀጥለውም። ዓሣው ትንሽ ሆነ፣ ቀጥሎ ትዝታ ሆነ። ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ቀርታ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ከወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ሰው በእግሩ መሄድ ጀመረ። እኔም ሄድኩ። ሦስት ጊዜ። ጫማዬን አቧራ ነካው እንጂ ጠብታ አልነካውም። እንግዲህ «ያንን ሐይቅ ሦስት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ» ስል ወላሂ አልዋሸሁም። አሁን ዝናቡ ጥሩ ሆኖ ውኃው ተመልሷል አሉ፤ ዘመዶቼ በስልክ ቪዲዮ ይልኩልኛል፣ እኔም ለሰው ሁሉ «የእኔ ሐይቅ» እያልኩ አሳያለሁ።

ሀርጌሳ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ገነት ናት። ሐይቅ አይቶ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። የከተማዋ ወንዝ እንኳ ዝናብ ካልመጣ በቀር አሸዋ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ሁሉ ድልድይ ላይ ቆሞ እንደ ሠርግ ያየዋል። በእንደዚህ ያለ ከተማ ውስጥ ስለ ሐይቅ ማጋነን ግብር የለውም። ጅግጅጋ ያር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሐይቁን በየቀኑ አንድ አንድ ክንድ አሰፋው ነበር። ባሕር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው እሷ መጣችብኝ።

ጅግጅጋ ያር ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ቤቷ ውኃ ሳወርድ ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር፤ ቱቦውን ሮቶው አፍ ላይ ይዤ ለጎረቤቷ ሽማግሌ በሰባራ ሶማልኛዬ ሐይቁን እተርክለታለሁ።

«ከስፋቱ የተነሳ» እላለሁ፣ «ከወዲህ ማዶ ዝናብ ሲጥል ከወዲያ ማዶ ሰዎች ድርቅ ገባ ብለው ይጸልያሉ።»

ከመስኮቱ አንድ ድምፅ በአማርኛ፣ ያውም በእኛው አገር አማርኛ፣ «አቦ ተው! ማዶ የምትግጥ ላም ቀንዷ ይታየን አልነበረም እንዴ?» አለ።

ቱቦው ከእጄ አመለጠ። ራሴንም ሽማግሌውንም አጠብኩ።

ሀርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ ቤተሰቧ ሸሽቶ፣ ጅግጅጋን አልፎ፣ የእኛ ከተማ ዘመድ ቤት የገባ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እዚያ አድጋ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ጠጥታ፣ ሰላም ሲሆን ተመለሰች። በመላው ሀርጌሳ የእኔን ሐይቅ ልክ የምታውቅ አንዲት ሰው እሷ ናት፣ እኔም የሮቶዋ ሾፌር ሆንኩ። የአላህ ሥራ።

«አንተን ግን አላስታውስህም» አለችኝ በሁለተኛው ጊዜ።

«እንዴት? ሐይቁ ዳር የማልጠፋ!»

ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። «ቆይ... አንድ ወፍራም ልጅ ነበር። ሌሎቹ ሲዋኙ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ልብሳቸውን የሚጠብቅ።»

«እሱ ወንድሜ ነው።»

«ወንድም አለህ?»

«የለኝም» አልኩ።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ከረምን። እኔም ሮቶዋ ሳይጎድል መምጣት አበዛሁ። «ምነው፣ ልታሰጥመኝ ነው?» ትለኛለች። አንድ ቀን፣ ቱቦውን ስጠቀልል፣ ልቤን ጨብጬ ነገርኳት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀልዴን የማቆምበት ቦታ አጥቼ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ግን አንድ ቀልድ አልመጣልኝም። እሷም ጨርቅ እንደምትለካ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ለካችኝና «ታላቅ ወንድሜን ጠይቃቸው» አለች። «እሳቸው እሺ ካሉ እሺ፣ እንቢ ካሉ ሮቶዬን ሌላ ሰው ይሙላው።»

ታላቅ ወንድሟ በርበራ ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ አሁን ሀርጌሳ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ፊታቸው እንደተዘጋ የመጋዘን በር ነው። ሶማልኛ አንቱታ የለውም፣ እኔ ግን ሳያቸው በልቤ ሦስት ጊዜ አንቱ አልኳቸው። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ሻይ መጣ፤ ዝም አሉ። ዝምታ አልወድም። ዝምታ ሲበዛብኝ አፌ ከእኔ ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል።

«ያንን ሐይቅ» አልኩ፣ «ሦስት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ዋናተኛ ነህ?»

«የሐይቅ ልጅ እኮ ነኝ።»

ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ገርበብ አለ። «ዋና የሚችል ሰው አይደነግጥም። እኔ የሚደነግጥ ሰው አልወድም። ወደብ ላይ ሰው የሚገድለው ድንጋጤ ነው።» ብርጭቋቸውን መልሰው አነሱ። «ዓርብ በርበራ እንሂድ። ከምሳ በኋላ መልሴን እነግርሃለሁ።»

«ሐልዋው በእኔ!» አልኩ ዘልዬ። ሶማሌ ዘንድ እሺታ ያለዚህ ጣፋጭ አይጸናምና።

ማታውን እሷ ደወለች። «ምን ብለህ ነው የነገርካቸው? ደስ ብሏቸዋል። እሳቸው ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም።»

«እውነቱን። ሐይቁን ተሻግሬያለሁ አልኩ።»

«በእግርህ!»

«ስለ እግሬ አልጠየቁኝም።»

«ስማኝ፤ ወንድሜን አልዋሻቸውም። ዋና ይችላል ወይ ብለው ከጠየቁኝ አይችልም እላለሁ።»

«ካልጠየቁሽስ?»

«ካልጠየቁኝ ዓርብ እስኪያልፍ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ዓርብ ማለዳ በእሳቸው መኪና ተነሳን፤ እሳቸው፣ ሚስታቸው፣ እሷና እኔ። ሩዙና የፍየሉ ሥጋ በትልቅ ድስት፣ እኔ ደግሞ ሁለት ሐብሐብ፣ ለስላሳ፣ እንዲሁም በክዳን ባልዲ የታሸገ፣ ከቅቤ ብዛት የሚያበራ ሐልዋ ይዣለሁ። መንገድ ላይ ጉበት ቁርስ በላን። እሳቸው ሲነዱ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም፤ እኔ ግን በየመታጠፊያው ጥያቄ ሊመጣ ነው እያልኩ ላቤ ወረደ። የቆላው ሙቀት የተቀበለን እንደ አበዳሪ እጁን ዘርግቶ ነው።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ውኃው ርቆ፣ ሰፊ እርጥብ አሸዋ ትቶ ተኝቷል። አንድ የፈራረሰ ዳስ አገኘንና ምንጣፍ ዘረጋን። ባልዲውን ስከፍተው ሐልዋው ቅቤውን መልቀቅ ጀምሯል። እሷም አየችው። ሁለታችን በአንድ ጊዜ ቀና ብለን ተያየን።

«ጆንያ አለ?» አለችኝ።

ወላሂ፣ በዚያች ቅጽበት የሐረማያ እሑድ ተመለሰ። የሩዝ ጆንያ ከመኪናው አወጣሁ፤ ሐልዋውን፣ ሐብሐቡን፣ ለስላሳውን ከተትኩ፤ እሷ በሁለት ዞር አድርጋ አሰረችው፣ እኔ ከተሰበረው ዳስ አንድ እንጨት ነቅዬ ከውኃው ዳር ተከልኩ። ለራሷ ሳቀች። «አባቴ የሚያስረው እንደዚህ ነበር» አለች። የወንድሟ ሚስት ከዳሱ ሥር «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ፍሪጅ!» አልናት።

ሴትዮዋም እንደ እኛ የደጋ ሰው ናት፤ ሀርጌሳ ተወልዳ ሀርጌሳ ያደገች፣ ባሏ ወደብ ሲሠሩም ከዚያ ያልተነሳች። ጎበዞች ናችሁ ብላ ተኛች። ወንድሟ ይህን አላዩም፤ መኪናውን ሲያዞሩ ነበር። ከዚያ የጁምዓ ሰዓት ደረሰና እሳቸውና እኔ ከተማ ገብተን ሰገድን። እሳቸው ከሶላት በኋላ የወደብ ጓደኞቻቸውን አግኝተው ሰላምታው ረዘመ። የበርበራ ሰላምታ ደግሞ ከኢማሙ ኹጥባ ይረዝማል።

ስንመለስ ያንን ሰፊ አሸዋ አጣሁት። ውኃው መጥቶ የዳሱ እግር ሥር ተንጣሏል። ሁለቱ ሴቶች ምንጣፉን ጎትተው ወደ ላይ ወጥተዋል፤ እሷ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ካስማዬ የለም።

«ድስቱን አውርድ፣ ርቦኛል» አሉ ወንድሟ። «ሐልዋውስ የት አለ?»

በጣቴ ባሕሩን አሳየሁ።

«ባሕሩ ውስጥ?»

«ዳሩ ላይ ነበር ያስቀመጥነው። ዳሩ ነው ቦታውን የለቀቀው።»

በሕይወታቸው እንደዚህ ያለ ነገር ሰምተው የማያውቁ ይመስል አዩኝ። «አንተ ሰው፣ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። በርበራ ውስጥ ይህን የማያውቅ ድመት የለም።»

«የእኛ ሐይቅ» አልኩ፣ «አንድ ጊዜ ነው የሄደው። ለመመለስም ስንት ዓመት አስለምኖናል።»

አልሳቁም። ወዲያው የወንድሟ ሚስት ጮኸች፤ ነጩ ባልዲ ከጆንያው አምልጦ፣ ከአንድ ሐብሐብ ጋር ጎን ለጎን፣ ከእኛ ሠላሳ አርባ እርምጃ ወዲያ ይዋልላል። ሁለቱ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንዴ ይጠጋጋሉ አንዴ ይራራቃሉ። የቀረው ጆንያ ከነለስላሳው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ወንድሟ ወደ እኔ ዞሩ። «በል እንጂ። ሦስት ጊዜ የተሻገርክ ሰው አይደለህም?»

እዚያ ቦታ መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ቀና ስል እሷ አፏን ልትከፍት ነው፤ በእኔ ፋንታ ልትናገር፣ ዝም እላለሁ ያለችውን ቃል ልታጥፍ። ያ ከመስጠም የባሰ መሰለኝ። ሽርጤን ሰብስቤ፣ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ።

የመጀመሪያው አሥር እርምጃ ጥሩ ነበር። እንዲያውም ዞር ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። ከዚያ አሸዋው በድንገት ዝቅ አለ፣ ትንሽ ማዕበል ከጎኔ ገፋ አደረገኝ፣ ሽርጤ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ ወደቅኩ። ጨው በአፍንጫዬ ገባ። ሰማይና ባሕር ቦታ ተለዋወጡ። ምን ብዬ እንደጮህኩ ለጊዜው ልለፈው። የሟች ቃሌን፣ ሸሃዳዬን፣ ግን ሁለት ጊዜ ብያለሁ፤ አንዱን ቸኩዬ ስለተሳሳትኩ።

አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ወንድሟ ነበሩ፤ ጥቁር ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ፣ ከነጫማቸው።

«ቁም» አሉኝ።

«አልችልም! ሰመጥኩ!»

«እግርህን ዘርጋና ቁም።»

ቆምኩ። ክንዴን ለቀው አልፈውኝ ሄዱ፤ ደረታቸው ድረስ ገብተው ባልዲውን ያዙ፣ ሐብሐቡን በብብታቸው አድርገው ምንም እንዳልሆነ ተመለሱ። እኔ ተከትዬ ወጣሁ፤ ሽርጤን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ወንጀለኛ።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ውኃ ከሁለታችንም ይንጠባጠባል። እሳቸው እኔን ትተው እህታቸውን አዩ።

«ዋና እንደማይችል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች። «ልጅ ሆነን ሌሎቹ ሲዋኙ እሱ ልብስ ጠባቂ ነበር።»

«ሐይቁን የተሻገረውስ?»

«ሲደርቅ» አልኩ እኔ። ድምፄ ከጨው የተነሳ የፍየል ድምፅ ሆኗል። «በእግሬ ነው። ዋሽቼዎት ነው ማለት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። እደነግጣለሁም። እንደሚያዩት በጣም ነው የምደነግጠው።»

እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ውኃውን ደፉ። ያን ጊዜ አፌን በጥርሴ ይዤው ነበር፤ ሌላ ቃል እንዳያመልጠኝ።

«ልብስ ጥበቃውስ እንዴት ነበር?» ብለው እሷን ጠየቁ።

እሷ ሳትፈጥን መለሰች። «ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ አይነሳም ነበር። ዝናብ ሲመጣ የሁሉንም ልብስ ሆዱ ሥር አድርጎ ይተኛበታል። እዚያ ሐይቅ ዳር የአንድም ልጅ ሱሪ ጠፍቶ አያውቅም።»

እኔ ይህን ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችም።

«ሐልዋውን ግን አልጠበቀም» አለች የወንድሟ ሚስት።

ያን ጊዜ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ወንድሟ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። የባልዲውን ክዳን ፈልቅቀው ከፈቱት፤ ጠብታ ውኃ አልገባበትም። በጣታቸው አንድ ጉርሻ ቆርጠው ራሳቸው ሳይቀምሱ ወደ እኔ ዘረጉ። ሐልዋ አውጥቶ ማጉረስ ምን እንደሆነ አራታችንም እናውቃለን። እሷ ሻርፔን ላስተካክል ብላ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ሻርፗን ማስተካከል ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር።

ኒካሑ ተፈጸመ፤ አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ ሮቶዋ ሮቶዬ ነው። ችግሩ ግን ታላቅ ወንድሟ ታሪክ መንገር ይችላሉ። በኒካሑ ዕለት ይህንን ወሬ ለእንግዶች ሲጀምሩት ውኃው ወገቤ ድረስ ነበር፤ ምሳ ሲቀርብ ደረቴ ደረሰ፤ ሻይ ሲመጣ ማዕበሉ የመስጊድ ሚናራ አክሎ እኔ በአንድ እጄ ባልዲውን ይዤ በሌላው እዋኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሻይ ቤት ስቀመጥ ያልደረስኩበት ደረጃ ነው። አማቼ ለእኔ ክብር ብለው ነው፤ ገብቶኛል። አሁን መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች «አንተ ነህ ያ ከባሕር ጋር የተናነቅከው?» እያሉ እጄን ይጨብጡኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «አላህ ነው ያወጣኝ» እላለሁ።

እዚህ ግን እውነቱን ልጻፈው። የጮህኩት «እማዬ!» ብዬ ነው፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ። እሳቸው ቁም ብለውኝ ስቆም ደግሞ ወደ ታች አየሁ፤ ውኃው ጉልበቴ አልደረሰም።